አምስት ሳንቲ ሜትር በካርቱም

ካርቱም ውስጥ አስፋልት የሚያልቅበት ቦታ ሩቅ አይደለም። ከዋናው ጎዳና ወደ ሰፈር መታጠፍ ብቻ ይበቃል። ከዚያ ወዲያ በበጋ ጎማ የሚውጥ ትቢያ፣ በክረምት ደግሞ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ከተማዋ ነጭ ዓባይና ጥቁር ዓባይ የሚገናኙበት ሜዳ ላይ ተዘርግታለች፤ ካርቱም፣ ባህሪና ኡምዱርማን በድልድይ ተያይዘው አንድ ሆነዋል። ሜዳው ለግንበኛ ደግ ቢሆንም ለዝናብ ውሃ ክፉ ነው፤ ቁልቁለት ስለሌለ ውሃው በወረደበት ይተኛል። በ1988 እ.ኤ.አ. ክረምት በአንድ ቀን ብቻ 200 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ጥሎባታል፤ ይህ ከተማዋ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከምታገኘው ይበልጣል። በ2020 ክረምት ደግሞ ጥቁር ዓባይ በካርቱም ከ17 ሜትር በላይ ሞልቶ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ፤ መንግሥትም የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ እስከ ማወጅ ደረሰ።

ከ2023ቱ ጦርነት በፊት እንዲህ ባለ ከተማ በየቀኑ የሚነዳ መኪና ሁለት ኑሮ ይኖር ነበር። ጠዋት ቢሮ ወይም ገበያ ያደርስ፣ ከሰዓት በኋላ ሶባ ወይም ኡም በዳ ገብቶ በጭቃ ይታገል፣ ዓርብ ሲሆን ቤተሰብ ይዞ ወደ ጀበል አውሊያ ግድብ ወይም ከኡምዱርማን በስተ ምዕራብ ወዳለው አሸዋ ይወጣ ነበር። ስለዚህ መኪናን ትንሽ ከፍ ማድረግ እዚህ የጎረምሳ ጌጥ ሆኖ አያውቅም። ሱዳኖች ቦክሲ የሚሉት ፒክአፕ ያለው ነጋዴም፣ ላንድ ክሩዘር ያለው የእርዳታ ድርጅት ሾፌርም፣ የቤተሰብ ፕራዶ ያለው ሐኪምም አንድ ቀን መካኒኩ ዘንድ ሄዶ «ከፍ አድርግልኝ» ይል ነበር።

እኔ የማተኩረው በመጠነኛው ማንሳት ላይ ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር፣ ቢበዛ 6። ከዚያ በላይ የሚወጣ ሰው ሌላ መኪና እየሠራ ነው፤ የፕሮፔለሩ፣ የመሪው፣ የፍሬኑ ሥርዓት ሁሉ መለወጥ ይኖርበታል። እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ድረስ ግን ፋብሪካው ያስቀመጠው አብዛኛው ዕቃ ይችለዋል። የሚችለው ግን ሥራው በትክክል ከተሠራ ነው፤ በትክክል የሚሠራው ደግሞ ከከፍታው ሳይሆን ከጭነቱ ሲነሡ ነው።

ይህን ያየሁት ከጦርነቱ በፊት በካርቱም የኢንዱስትሪ ሰፈር፣ በአንድ ትንሽ ጋራዥ ነው። የመኪናው ባለቤት የጎንደር ሰው ነው፤ ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖሩበት በነበረው በዴም ሰፈር ከረምረም ብሏል። ባለ ሁለት ጋቢና ሃይሉክስ አለው። ለሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ዱቄት፣ ቡና፣ ዘይትና ውሃ ያመላልስ፣ ማታ ልጆቹን በዚያው መኪና ከትምህርት ቤት ያመጣ ነበር። መኪናው ከኋላ ቁጭ ብሏል። ሲጫን ባሌስትራው ቀጥ ማለቱን አልፎ ወደ ታች ጎብጧል፤ የፍጥነት መግቻ ባለፈ ቁጥር አክስሉ ሻሲውን ይመታል።

መካኒኩ በዕድሜ የገፉ ሱዳናዊ ናቸው፤ ሁሉም «ኡስታ» ነው የሚላቸው። ባለቤቱ ገና ከመውረዱ ከፍታ ሊነግራቸው ጀመረ።

«አምስት ሳንቲ አንሣልኝ፣ ያ ኡስታ።»

«ምን ትጭናለህ?»

«ከፍ እንዲል ነው የምፈልገው።»

«ሰምቼሃለሁ ወንድሜ። ምን ትጭናለህ? በየቀኑ፣ በዓመት አንዴ የምትጭነውን አይደለም።»

ባለቤቱ አሰበ። አራት ኩንታል አካባቢ፣ አለ፤ ከላዩ የብረት ፖርታፓኮ አለ፤ መለዋወጫ ጎማም አለ። ሽማግሌው በሚቀጥለው ቀን መኪናውን ከነጭነቱ ይዞ እንዲመጣ ነግረው ሸኙት። በማግስቱ መጣ። የመጀመሪያው ሥራ ሜትር ይዞ መለካት ነበር። ከእያንዳንዱ ጎማ መሀል፣ ከቸርኬው እምብርት፣ እስከ ላይኛው የፓራፋንጎ ጠርዝ ድረስ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለኩ፤ አንዴ ተጭኖ፣ አንዴ ባዶውን። ቁጥሮቹን በጠመኔ በጋራዡ ግድግዳ ላይ ጻፏቸው። ከመሬት ያልለኩበት ምክንያት አለ። የጎማው ንፋስ ትንሽ ጎደል ወይም ሞላ ካለ ከመሬት የተለካው ሁሉ ይዋሻል፤ ከቸርኬው እምብርት የተለካው ግን የሞላውንና የባሌስትራውን እውነት ይናገራል።

የዚህ ሁሉ ሒሳብ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ባሌስትራ በአንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ የሚፈልገው ክብደት አለ። ለምሳሌ 40 ኪሎ ነው እንበል። 400 ኪሎ የኋላው አክስል ላይ ሲጫን ለአንዱ ጎን 200 ኪሎ ይደርሰዋል፤ መኪናው 5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ያንኑ ባሌስትራ ቅስቱን ብቻ ጨምሮ በ5 ሳንቲ ሜትር ያነሳው ሰው ባዶው መኪና ከፍ ብሎለታል፤ ሲጭን ግን ወደ ድሮው የባዶ ከፍታ ይመለሳል። ጥንካሬውን ወደ 50 ኪሎ ያሳደገው ደግሞ በዚያው ጭነት 4 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይወርዳል። ጥንካሬውን ወደ 80 ካደረሰው በጭነት 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ይወርድለታል፤ ባዶውን ሲነዳ ግን መኪናው በየጉድጓዱ ይዘላል፣ የኋላ ጎማው መሬት ይለቃል፣ መታጠፊያ ላይ ጭራው ይንሸራተታል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመጡበት መኪና እንዲህ መሆን የለበትም። ታዲያ «ስንት ላንሣው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ትጭናለህ?» የሚለው ሳይመለስ መልስ የለውም።

በዓለም ገበያ ያሉት ጥሩ አምራቾችም የሚሸጡት በዚሁ ሥርዓት ነው። በ1975 ሜልቦርን ውስጥ የተመሠረተው ኤአርቢ የተባለው የአውስትራሊያ ኩባንያ ኦልድ ማን ኢሙ በሚል ስም የሚያወጣቸው ሞላና ባሌስትራዎች ለአንዱ መኪና በርካታ ዓይነት አላቸው፤ ለባዶ፣ ለመካከለኛ ጭነት፣ ሁልጊዜ ለተጫነ። ካርቱም ላይ ግን እንዲህ ያለ ዕቃ ለብዙው ሰው እጅ የሚደርስ አልነበረም። ከ1997 እስከ 2017 በቆየው የአሜሪካ ማዕቀብ ምክንያት የባንክ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ዕቃ መግዛት አድካሚ ነበር፤ ማዕቀቡ ሲነሣ ደግሞ የሱዳን ፓውንድ ዋጋ ወደቀ። የኢንዱስትሪ ሰፈር አንጥረኞች እንዲህ የተካኑት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። አዲስ መግዛት ያልቻለ ከተማ ያለውን ማደስ ይማራል።

ባሌስትራው ወረደ። መጀመሪያ መኪናው ሻሲው ላይ በደጋፊ ብረት ተቀመጠ፤ ክሪክ ብቻውን አይታመንም። ሾኮቹ ተፈቱ፣ ከዚያ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር ያሰሩት አራት ዩ ቡሎኖች። የኋለኞቹ ዝገው ስለነበር ዳዷቸው አልፈታ ብሎ በመጋዝ ተቆረጡ። ሽማግሌው የተቆረጡትን ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር ወረወሯቸው። ዩ ቡሎን አንዴ ተወጥሮ ከኖረ ተስቧል፤ መልሶ ማሰር አደጋ ነው፤ በየትኛውም አገር ያለ ጠንቃቃ መካኒክ አዲስ ያስገባል። ከዚያ የመሀል ቡሎኑ ወጣ፣ የባሌስትራው ብረቶች አንድ በአንድ ተለያዩ፣ በናፍጣ ታጠቡ።

ሽማግሌው እያንዳንዱን ብረት ወደ ብርሃን አዙረው አዩ። ሦስተኛው ላይ ቆሙ። በመሀሉ ቀዳዳ ዙሪያ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አለ፤ ጣት አይይዘውም፣ ዓይን ግን ያየዋል። ባሌስትራ የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው፤ ቀዳዳው ብረቱን አሳስቶታል፣ ዩ ቡሎኑ ላልቶ ከከረመ ደግሞ ጭንቀቱ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ባለቤቱ አንድ ብረት «ይጨመርልኝ» ብሎ ብቻ ሄዶ ቢሆን ኖሮ አዲሱ ብረት ከተሰነጠቀው ጋር ታስሮ ይሄድ ነበር።

የተሰነጠቀው በሌላ ተተካ፤ የቀሩት ቅስታቸውን ይመለሱ ዘንድ ወደ መስፉ ሄዱ። ወለሉ ላይ በጠመኔ የሚፈለገው ቅስት ተሥሏል። አንጥረኛው ብረቱን በቀዝቃዛው፣ ከመሀል ወደ ጫፍ፣ ከሁለት ጣት ርቀት በማይበልጥ ልዩነት እየደጋገመ ይመታዋል፤ ከሥዕሉ ጋር ያስተያየዋል፤ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይመታል። ሥራው ረጅም ነው። ረዳቱ፣ እሱም ሐበሻ ወጣት ነው፣ ሙቀቱ አድክሞት ወደ ባለቤቱ ዞሮ በአማርኛ «ጋሼ፣ በእሳት ቢሆን ቶሎ ያልቅ ነበር» አለ። ሽማግሌው ቋንቋውን ባይሰሙም ወደ ከሰሉ የተዘረጋውን እጁን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ልክ ናቸው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ ውስጥ ከ800 ዲግሪ በላይ ከተሞቀ በኋላ በዘይት ቀዝቅዞ፣ ከዚያ ደግሞ ዝቅ ባለ ሙቀት ተመልሶ በመሞቁ ነው። በከሰል ላይ ቀልቶ፣ ጎብጦ፣ በአየር የቀዘቀዘ ባሌስትራ ያን ጠባዩን አጥቷል። ከጋራዡ ሲወጣ ያማረ ቅስት ይኖረዋል፤ ትንሽ ቆይቶ ግን ይተኛል። በውሃ የቀዘቀዘው ደግሞ ይባስ፣ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። በአገራችንም፣ በመርካቶ ሶማሌ ተራ ዙሪያም ሆነ በየክፍለ ሀገሩ፣ በእሳት የተመለሰ ባሌስትራ እየገባ እንደሚወጣ ስለማውቅ ይህን ጠንከር አድርጌ እጽፋለሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮቻችን ብረት በብረት ላይ እየደራረቡ ከተፈቀደው በላይ የሚጭኑበት ልማድም እንደዚሁ ነው፤ ባሌስትራው ይችል ይሆናል፣ ፍሬኑ፣ ኩሽኔታውና ሻሲው ግን የተሠሩት ለድሮው ክብደት ነው።

በመጨረሻ አንድ ረጅም ብረት ተጨመረ፤ ከዋናው ብረት በታች፣ ርዝመቱም ከእሱ ብዙ የማያንስ። አጭርና ወፍራም ብረት ከሥር መጨመር ይቀላል፤ ሁሉም ጋራዥ አለው። ግን አጭሩ ብረት ክብደቱን ሁሉ መሀል ላይ ስለሚሰበስብ ላዩ ያሉትን ጫፉ በሚያልቅበት ቦታ ይሰብራቸዋል። ሌሎች አቋራጮችም አሉ። ከባሌስትራውና ከአክስሉ መሀል የብረት ጡብ ማስገባት አንዱ ነው፤ ለኋላ፣ በልክ የተሠራ ከሆነ ይሠራል፣ ለፊት አክስል ግን ፈጽሞ መግባት የለበትም፤ ፍሬን ሲያዝ የሚመጣው ጉልበት ጡቡን ሊያሽከረክረውና ሊያወጣው ይችላል። ባሌስትራውን ከሻሲ የሚያንጠለጥለውን ማያያዣ ማስረዘምም አለ። 5 ሳንቲ ሜትር ያስረዘመ ሰው ያነሣው ግማሹን ብቻ ነው፤ ባሌስትራው በአንድ ጫፉ ብቻ ነው የወረደውና። በዚያ ላይ አክስሉ ይዞራል፣ መኪናውም ወደ ጎን ይወዛወዛል።

የዚህ ሃይሉክስ ፊት ሌላ ነገር ነው። እዚያ ባሌስትራ የለም፤ ሞላና ሾክ አንድ ላይ የተጣመሩበት፣ እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚንቀሳቀስበት አሠራር ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ከሾኩ ራስ በላይ ክብ ማስነሻ ማስገባት ነው። የ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ማስነሻ ጎማው ላይ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ያነሣል፤ ሾኩ የታችኛውን ክንድ የሚይዘው ወደ መሀል ገባ ብሎ ስለሆነ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው 5 ፈልጎ የ5 ማስነሻ ያስገባና 10 ያነሣል፤ ከዚያ የፊት አክስሉ ጆይንት በማይችለው አንግል እየዞረ ቡቱ ይቀደዳል፣ ቅባቱ ይወጣል፣ የካርቱም ትቢያ ይገባል። ትቢያ የገባበት ጆይንት ዕድሜ አጭር ነው። የዚህ መኪና ፊት 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተነሣ፤ ሽማግሌው ማስነሻውን ትተው ትንሽ ጠንከር ያለ ሞላ ነው የመረጡት። ፊትና ኋላ እኩል መነሣት አለበት የሚል ሕግ የለም። ኋላው ሲጫን መኪናው ደልደል ማለቱ ነው የሚፈለገው።

እንደ ላንድ ክሩዘር 79 ያሉት፣ ሱዳን ውስጥ ከማንም በላይ የሚታወቁት፣ ከፊትም ከኋላም ድፍን አክስል አላቸው። ከ1999 ወዲህ የፊቱ በሞላ ሆኗል፣ የኋላው ባሌስትራ ነው። እነሱን ሲያነሡ ሁለት ነገር ይዛነፋል። አንደኛ፣ መሪ ከታጠፈ በኋላ ራሱን ወደ ቀጥታ የሚመልስበት ዝንባሌ ይቀንሳል፤ ባለ 5 ሳንቲ ሜትር ማንሳት ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ይወስዳል። በ100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ መሪው ይቀልላል፣ መኪናው ይባዝናል። ይህ የሚስተካከለው ወጣ ያለ ቀዳዳ ባላቸው ጎሚኒዎች ነው። ሁለተኛ፣ አክስሉን በጎን የሚይዘው ዘንግ መኪናው ከፍ ሲል አክስሉን ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። ከኋላ ሆኖ ያየ ሰው መኪናው እንደ ሸርጣን በጎን የሚሄድ ይመስለዋል።

ሌላም በተደጋጋሚ የምሰማው ስሕተት አለ። ድፍን አክስል ያለውን መኪና ማንሳት ከሥር ያለውን ዲፈረንሻል አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አያነሣውም። ዲፈረንሻሉ ከጎማው ጋር ነው፤ የሚነሣው ጎማው ሲተልቅ ብቻ ነው፣ ያውም በዲያሜትሩ ግማሽ። 265/65 ባለ 17 ጎማን በ265/70 የለወጠ ሰው ዲያሜትሩን በ2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ገደማ ጨመረ፤ መኪናው 1.3 ሳንቲ ሜትር ተነሣ፤ የፍጥነት መለኪያውም 100 ሲል በእውነቱ ወደ 103 ይሄዳል። ማንሳቱ የሚጠቅመው ከቦዲው ሥር ነው፤ ከፊት ባምፐሩ፣ ከኋላ ባምፐሩ፣ በፊትና በኋላ ጎማዎች መሀል ካለው ሆድ። ለካርቱም የሰፈር ቦይና የአሸዋ ጉብታ የሚፈለገውም ያ ነው።

ከሁሉም በላይ ሊነገር የሚገባው ግን ፍሬን ነው፤ ብዙ ጋራዦች የሚያልፉት እሱን ስለሆነ። በብዙ ሃይሉክስና ላንድ ክሩዘር ላይ፣ ከኋላ አክስል አጠገብ፣ ቀጭን ዘንግ የተያያዘበት ትንሽ ቫልቭ አለ። ሥራው ጭነት ማንበብ ነው። መኪናው ባዶ ሲሆን ሻሲው ከአክስሉ ርቆ ይቆማል፤ ቫልቩ ይህን «ባዶ ነው» ብሎ ያነባል፣ የኋላ ጎማ ተቆልፎ መኪናው እንዳይዞር ለኋላ ፍሬን የሚደርሰውን ግፊት ይቀንሳል። ሲጫን ሻሲው ይወርዳል፤ ቫልቩ ግፊቱን ይጨምራል። አሁን መኪናውን 5 ሳንቲ ሜትር አነሣነው። ቫልቩ ማን አነሣው፣ ለምን አነሣው አያውቅም። አራት ኩንታል ተጭኖም «ባዶ ነው» ብሎ ያነባል። የኋላ ፍሬን ይዳከማል፤ ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል፤ ሸራው ይሞቃል፤ መኪናው ለመቆም የሚፈልገው ርቀት ይረዝማል። ሾፌሩ የሚያውቀው የሆነ ቀን፣ ከፊቱ የአህያ ጋሪ ሲገባበት ነው።

መድኃኒቱ ትንሽ ነው። የዘንጉን መያዣ ባነሡት ልክ ከፍ ማድረግ፣ ወይም ዘንጉን ማስተካከል፤ ከዚያ ባዶ መንገድ ላይ ሄዶ ባዶውንም ተጭኖም ፍሬን መያዝ። የፍሬኑን ቱቦዎች ርዝመትም እንዲሁ ማየት ያስፈልጋል፤ ጎማው ሙሉ ለሙሉ ሲንጠለጠል ቱቦው መወጠር የለበትም። ሽማግሌው ይህን ሲያደርጉ ከሥር ተኝተው ነበር። ረዳቱ ክሪኩን ከሻሲው ሥር ይዞ ጎማውን አንጠለጠለ፤ እሳቸው ቱቦውን በሁለት ጣት ጠምዝዘው ትርፉን ፈተሹ። ገንዘብ የማያስወጣ፣ አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። መኪናዬን ከፍ አደርጋለሁ የሚል ሰው ከጋራዡ ከመውጣቱ በፊት ስለዚህች ቫልቭ ቢጠይቅ እመኛለሁ።

ከፍታ የሚወስደው ሌላም አለ። በግራና በቀኝ ጎማዎቹ መሀል ያለው ስፋት 1.5 ሜትር፣ የክብደቱ መሀል ከመሬት 70 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና እንውሰድ። ስፋቱ ለከፍታው እጥፍ ሲካፈል 1.07 ይመጣል። የክብደቱ መሀል 4 ሳንቲ ሜትር ቢነሣ 1.01 ይሆናል። ከ5 በመቶ በላይ የመገልበጥ መቋቋሚያ ጠፋ ማለት ነው። በሰፈር ጭቃ ውስጥ አይታወቅም። ከካርቱም ወደ ዋድ መደኒና ገዳሪፍ በሚወስደው ጠባብ አስፋልት ላይ፣ ከፊት የሚመጣ ተሳቢ ለመሸሽ መሪ ሲጠመዘዝ ግን ይታወቃል። ከላይ ፖርታፓኮ ላይ ዕቃ የሚቆልል ሰው ደግሞ ይህን ቁጥር ራሱ ያወርደዋል። ከባዱ ዕቃ ሁልጊዜ ከታች፣ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ይቀመጥ።

ሾክን በተመለከተ የካርቱም አየር የራሱ ሕግ አለው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ቀኑ ከ40 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ሾክ ሥራው የሞላውን መንቀጥቀጥ ወደ ሙቀት መለወጥ ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት ይሞቃል። በሽብሽብ ኮረኮንች ላይ ለረጅም ጊዜ ሲነዳ ዘይቱ አረፋ ይሠራል፣ ሾኩ ይለሰልሳል፣ መኪናው መንሳፈፍ ይጀምራል። አየሩ ከመጀመሪያው ሲሞቅ ዘይቱ የሚቀዘቅዝበት ዕድል ያንሳል። በናይትሮጅን ጋዝ የተሞሉት ሾኮች አረፋውን ያዘገዩታል። ርዝመታቸውም መመርመር አለበት፤ መኪናው ተነሥቶ አሮጌው ሾክ ከቀረ፣ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ሾኩ ከመጨረሻው ይደርስና የአክስሉን ክብደት እሱ ይሸከማል። ለዚያ አልተሠራም፤ ራሱ ይነቀላል ወይም መያዣው ይቀደዳል።

የሃይሉክሱ ሥራ ሲያልቅ መኪናው ወደ ኡምዱርማን ምዕራብ፣ አሸዋው ወደሚጀምርበት ተወሰደ። እዚያ የከፍታው ዋጋ በልኩ ታየ። መጀመሪያ ጎማው በአስፋልት ግፊቱ እንዳለ ገባ፤ ብዙም ሳይሄድ ተቀበረ። ንፋሱ ወደ 1.3 ባር ገደማ ሲወርድ ጎማው ተለጠጠ፣ መኪናው ከራሱ ጉድጓድ ወጥቶ ሄደ። አሸዋ ላይ ከፍታ የሚረዳው ሆዱ እንዳይቀመጥ ብቻ ነው፤ የሚያስኬደው ጎማው ነው። ይህ በዚህ በረሃ አዲስ ዕውቀት አይደለም። እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ በፎርድ መኪናዎች የሊቢያን በረሃ አቋርጦ እስከ ሰሜን ምዕራብ ሱዳን ሲዘልቅ የተማረው ይህንኑ ነበር። በ1940 ግብፅ ውስጥ ያቋቋመው የረጅም ርቀት የበረሃ ቃኚ ጦር ሲጀምር የተጠቀመው ባለ አራት ጎማ ጉልበት መኪና አልነበረም፤ ቀለል ያሉ፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄዱ የሼቭሮሌ ካሚዮኖችን ወሰደ። በራቸውንና ጣሪያቸውን አወለቀ፣ ባሌስትራቸውን አጠነከረ፣ ሰፊና ንፋሱ ዝቅ ያለ ጎማ አደረገላቸው። ከዚያ ትልልቅ ጭነት ይዘው ሰው የማያልፍበትን አለፉ። ባሌስትራው ለጭነቱ፣ ጎማው ለመሬቱ።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ መካከል ጦርነቱ ካርቱም ውስጥ ፈነዳ። ከዚያ ቀን ወዲህ በከተማዋ ስለ መኪና ማውራት ስለ ሕይወት ማውራት ሆነ። ሱዳኖች ታቸር የሚሉት መሣሪያ የተጠመደበት ላንድ ክሩዘር በየመንገዱ ሞላ፤ የግል መኪናዎች ከየግቢው ተዘረፉ፤ የኢንዱስትሪ ሰፈሮቹ ተቃጠሉ። መኪናው የቀረለት ሰው ቤቱን ጭኖ ወጣ፤ ወደ ፖርት ሱዳን፣ ወደ ዋዲ ሐልፋ፣ ወደ ገዳሪፍና ጋላባት። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች መተማ ላይ ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። ጦሩ ዋና ከተማዋን መልሶ የያዘው መጋቢት 2025 ላይ ነው።

ያ ሃይሉክስ ዘጠኝ ሰውና የሦስት ቤተሰብ ዕቃ ይዞ ገዳሪፍ ገብቷል። ለአራት ኩንታል የታሰበው ባሌስትራ ከዚያ በላይ ተሸክሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ሄደ። ባለቤቱ በስልክ ሲያወራኝ ቅድሚያ የነገረኝ ስለ ፍሬኑ ነበር፤ ኬላ በየቦታው ስለነበር ሲይዝና ሲለቅ ውሏል፣ ሸራው ግን አልሞቀም። ሽማግሌው የት እንደገቡ ጠየቅሁት። ወደ ሰሜን፣ ወደ ዘመዶቻቸው እንደሄዱ ሰምቷል፤ ከዚያ ወዲህ ስልካቸው አይነሣም።

ገዳሪፍ ሌላ መሬት ነው። ሰሊጥና ማሽላ የሚበቅልበት ጥቁር ጭቃ፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ፣ ሲርስ ጎማን እንደ ሙጫ የሚይዝ። አሸዋ ላይ ያወጣው የተለጠጠ ጎማ እዚህ ይንሸራተታል፤ ንፋሱን ሞላ አድርጎ፣ ጥርሱ ጠለቅ ያለ ጠባብ ጎማ አስገብቷል። የሚጭነውም ተለውጧል። የምግብ ቤት ዕቃ ማመላለሱ ቀርቶ አሁን አብዛኛውን ቀን ሰው ነው የሚያጓጉዘው፣ ከኋላ ባዶ ነው የሚሄደው። መኪናው በየሰፈሩ መንገድ መዝለል ሲጀምር እዚያ ያለ አንድ መካኒክ ሾኩ ነው ብሎት ነበር። እሱ ግን የተጨመረውን ብረት አስወጣው፤ አዲስ ዩ ቡሎን አስገባ፤ ኋላው 3 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወረደ። የቫልቩን ዘንግ በዚያው ልክ አወረደው፣ የፊት መብራቱንም አስተካከለ። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ የዩ ቡሎኖቹን ዳዶዎች በቁልፍ እንዲያይ አስታወስኩት። «አይቻቸዋለሁ፤ ሁለቱ ሩብ ዙር ላልተው ነበር» አለኝ። ብረቱን አልጣለውም፤ ሰሊጥ ሲሰበሰብና የጭነት ሥራ ሲመጣ መልሶ ሊያስገባው አልጋው ሥር አስቀምጦታል።